በአራት ጣት የጎደለች መኪና

የሰፈሩ ሰው «ቀስ በል» ይለዋል። መኪና መንዳት ሲያስተምር አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶታል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ከአፉ አብዝቶ የወጣው ቃል ይኸው ነው። እሱ ራሱ ግን ሲያልም የሚያድረው መብረር ነበር። «በተማሪ እግር እየተንፏቀቅሁ አረጀሁ እኮ!» ይላታል ሚስቱን።

እናም አንዲት ቀይ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ሆዷ መሬት ሊስም የደረሰ የስፖርት መኪና ተጋጭታ ለሽያጭ መቆሟን ሲሰማ ልቡ ቀድሞት ሄደ። የፊት መከላከያዋ፣ ፓራውልቷ፣ በሽቦ ታስሯል፤ ኮፋኖዋ እንደ ተጨማደደ ወረቀት ሆኗል። «ይህማ ቁንጅናዋ ላይ የወጣ ብጉር ነው» አለ።

ስህተቱን የሠራው እዚያው ነው። ሻጩ «ሞክራት» ሲለው፣ ቀስ በል እግሩ እንደለመደው ዞሮ በአስተማሪው በኩል ገባና ቁጭ! ሻጩ ምን አገባው፣ ራሱ ነዳለት። ቀስ በልም የሌለ ፍሬን እየረገጠ ያርመው ጀመር።

«መሪውን ለምን ወደ ግራ አጣመህ ትይዛለህ?»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ ጋሼ።»

«መጥፎ ልማድ ነው! አስተካክል።»

ሻጩም «እሺ» አለ። ቀስ በልም ገዛት።

ሻጩ እየነዳ ሲያመጣት ሞተሯ መንገድ ላይ ስለጠፋ፣ መኪናዋ ተጎትታ መጥታ ግቢው ውስጥ ባለችው ቆርቆሮ ቤት ገባች። ቆርቆሮ ቤቷ ደግሞ ለሚስቱ ቃል የተገባች ናት። ሚስቱ የተማሪ ደንብ ልብስ ሰፊ ነች፤ የምትሰፋው መኝታ ቤት ውስጥ ስለሆነ ልጆቿ ከኮሌታና ከኪስ ጨርቅ ጋር ነው የሚያድሩት።

«ስማኝ» አለችው። «አዲሱ የስፌት ማሽኔ ሊመጣ ሁለት ወር ነው የቀረው። በዚያን ቀን ቀጥ ብላ ከሄደች ትሂድ። ካልሆነ ቁራሌው በኪሎ መዝኖ ይወስዳታል።»

«በሁለት ወር? በሁለት ሳምንት አበራታለሁ!»

ያም ሆኖ ደግ ናትና በትርፍ ሸራ ልብስ ልትሰፋላት ሜትሯን ይዛ ገባች። ለካች። ደግማ ለካች። «የልጆቼ አባት፣ ቀኟ ከግራዋ በአራት ጣት ያንሳል።»

«አይ አንቺ! መኪና ሱሪ መሰለሽ? ሜትርሽ ተሳስቶ ነው።»

«ሜትሬ ሲዋሽ ሰምተህ ታውቃለህ?» አለችና በለካችው ልክ ቆርጣ ሰፋች።

ሞተሩ ተጠግኖ መጀመሪያ የነዳት ዕለት፣ መኪናዋ ወደ ቀኝ ወደ ቦዩ ትስበው ጀመር። ጎማ ቀየረ፤ ትስባለች። የመሪውን ዘንግ ቀየረ፤ ትስባለች። አንድ መካኒክ «ፍሬኑ ነው» ብሎ ፍሬኑን ፈታታው፤ ያው ናት። የቀኝ ጎማ መሸፈኛ ፓራፋንጎ አስመጣ፤ ሲፈታው የግራ ሆኖ ተገኘ። እሑዱ ሁሉ ከመኪናዋ ሥር በጀርባው ተንጋሎ አለቀ። ጎረቤቱም «ቀስ በል ቀርቶ አሁንስ ቀጥ በል ነው ስምህ» እያለ ያበግነው ገባ።

ስድስት ቀን ሲቀር አንድ ሽማግሌ ላሜራ ሠሪ ለመነ። እሳቸው ኮፋኖዋን እንኳ አልከፈቱም። ከኪሳቸው ሜትር አውጥተው ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ በሁለቱም በኩል ለኩ።

«ልጄ፣ ሻንሲዋ፣ የተሸከማት ብረት፣ ታጥፏል። ቀኙ በአራት ጣት ያንሳል። ቤትህ ሜትር የሚይዝ ሰው የለም?»

በመስኮቱ የሚሰማው የስፌት ማሽን ድምፅ ቀጥ አለ። ሚስቱ በመስኮቱ ሜትሯን አውጥታ አወዛወዘችለት። እሱን ያንገበገበው ያ ሜትር ነው።

አምስት ቀን ሙሉ መኪናዋ ከብረት ምሰሶ ጋር በሰንሰለት ታስራ በክሪክ ተጎተተች፣ ተለካች፣ ደግማ ተጎተተች። በስድስተኛው ቀን ማሽኑ በጋሪ ደረሰ። ቁራሌውም ሚዛኑን ይዞ ከበር ቆመ።

ቀስ በል በተሳሳተው በር ሊገባ ሄዶ፣ ራሱን ረግሞ ዞረና መሪውን ያዘ። ሞተሯ አስሏት አስሏት ተነሳ። ከግቢው ሊወጣ ሲል መኪናዋ ወደ ግራ ታጥፋ የበሩን ቋሚ ገጨችው።

«አሁን ደግሞ በግራ!» ብሎ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። «ውሰዳት፣ ወንድሜ» አለው ቁራሌውን። «በቃኝ።»

ዝናቡ ጀመረ። ሚስቱ «ቢያንስ ሳትመዘን አትበስብስ» ብላ ሸራውን አምጥታ አለበሰቻት። በግራ በኩል ልክክ አለ። በቀኝ ቢጎትቱት ቢጎትቱት አልደርስ አለ።

«ልፋቴ መና ቀረ!» አለችና ጣቶቿን ክፍተቱ ላይ አሳረፈች።

«ስንት ይጎድላል?» አለ ከመኪናዋ ወርዶ።

«አራት ጣት።»

ተያዩ።

«እንግዲህ ተቃንታለች ማለት ነው» አለች። «ጠማማው እጅህ ነው። ሁለት ወር ወደ ግራ ሲታገል ኖሮ ለምዶበታል።»

ቁራሌው እያጉረመረመ ሄደ። አዲሱ ማሽን በቆርቆሮ ቤቷ ውስጥ መጀመሪያ የሰፋው ደንብ ልብስ ሳይሆን ለመኪናዋ ሸራ የአራት ጣት ቅጥያ ነው።