ዳማን ማብረድ

የእህቴ ባል ሻዩን ተቀምጦ ሲጨርስ ያየ ሰው የለም። ግማሹን ቆሞ ይጠጣል፣ ግማሹን መስኮት ላይ ረስቶት ይወጣል፤ እኔ ከኋላው ብርጭቆ ስለቅም እኖራለሁ። ሰፈሩ «አያርፌ» ይለዋል። «አያርፍ ጣት» ተብሎ የሚጀመረውን ተረት መጨረሻውን ታውቁታላችሁና አፌን አላበላሽም። ሥራው አሳንሰር መጠገን ነው። አሳንሰር ደግሞ ሰው ውስጡ ሲቀር እንጂ በደህናው ጊዜ ማንም አያስታውሰውም፤ ስልኩ በጮኸ ቁጥር አንድ ሰው የሆነ ፎቅ መሃል ተንጠልጥሎ በሩን እየደበደበ ነው ማለት ነው። ዕድሜውን እንዲህ የጨረሰ ሰው ወንበር ላይ መርጋት ከየት ይምጣለት እላለሁ አንዳንዴ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከእናቱ ሆድም እየሮጠ ነው የወጣው እላለሁ።

ባሌ ከሞተ ወዲህ የምኖረው ከእነሱ ጋር ነው። የፊተኛዋ ክፍል ውስጥ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ልብስ እሰፋለሁ፤ መስኮቴም ግቢው ላይ ነው። ስለዚህ የማወራችሁ ነገር ሁሉ አፍንጫዬ ሥር የሆነ ነው፣ ጭሱን ጨምሮ።

እህቴ ታላቄ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። ላውንደሪ ቤት ልብስ ትተኩሳለች። ጠዋት ገብታ እስክትወጣ ድረስ ከትልቁ መተኮሻ ፊት ቆማ ነው የምትውለው፤ ክዳኑን ባነሣች ቁጥር እንፋሎቱ ፊቷ ላይ ይወጣል። ቤት ስትገባ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወንበር ላይ ትሰቅልና ዝም ትላለች። እርጋታዋን ሰው ሁሉ ያደንቃል። አንዱ እሳት፣ አንዷ ውሃ፤ እግዜር አይቶ ነው ያጣመራቸው ይባላል፤ እኔም እል ነበር።

ሲጋቡ አያርፌ በሞተር ሳይክል ወደ ባሕር ሊወስዳት ቃል ገብቶላት ነበር። ያኔ ሞተር ሳይክል አልነበረውም፣ አፍ ግን ነበረው። ከዚያ በየዓመቱ አንድ አሳንሰር ይበላሻል፣ ፈቃዱ ይሰረዛል፣ እሱም «ባሕሩ የት ይሄዳል?» ይላል። ልጃቸው ተወልዳ፣ አድጋ፣ አግብታ ወጣች። ባሕሩ እውነትም የትም አልሄደም።

በኋላ ዳማ መጣ። አንድ ሽማግሌ ፎቅ አሠሪ ጉልበቱ ሲከዳው ለአያርፌ አሳልፎ የሰጠው የረጅም መንገድ ሞተር ሳይክል ነው፤ ቡናማና ትልቅ፣ ሁለት ሰው ከነጓዙ የሚያስቀምጥ። ቀለሙን አይተን ነው እንደ ፈረስ ዳማ ያልነው። ሁለት ሲሊንደር አለው፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። እንደ መኪና ራዲያተርና ውሃ የለውም። ሲሊንደሮቹ ዙሪያቸውን ስስ የብረት ክንፎች ተደርድረውባቸዋል፤ በክንፎቹ መሃል ነፋስ ሲያልፍ ሞተሩ ይበርዳል፣ ካላለፈ ይግላል። ይህን እኔ የማውቀው ወድጄ አይደለም፤ እራት ላይ ሌላ ወሬ ጠፍቶ ነው።

መጀመሪያ ቀን ከተማውን አዙሯት መጣ። እትዬ ጸጉሯ ተበታትኖ፣ ዓይኗ አቧራ ገብቶበት፣ እየሳቀች ወረደች። «እግሬን በረደኝ» አለች፤ በቃ፣ ያለችው ይኸው ነው። አያርፌ ግን እንዲህ ያለ ቃል ሰምቶ መተኛት የማይችል ሰው ነው። ሊጣል የተፈታ የድሮ አሳንሰር ነበርና የበሩን ላሜራ ተሸክሞ መጣ። ቆረጠው፣ አጠፈው፣ ወለወለው፤ ከፊት ጎማው ኋላ ጀምሮ እስከ እሷ እግር መርገጫ የሚደርስ የእግር መከላከያ በግራና በቀኝ አሰረበት። የማይካድ ነው፣ አማረ። ፊት ያሳይ ነበር። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ሱቁን ትቶ መጥቶ ጢሙን ሲያይበት ቆየ። አያርፌ «ከእንግዲህ አንድ ብናኝ አይነካትም» እያለ ግቢውን ሲዞር፣ እትዬ ላሜራውን በጣቷ ዳበስ አድርጋ «እጅህ ይባረክ» አለችው።

ቀጥሎ ወደ ዳገቱ መንገድ ይዟት ወጣ። መኪና ተሰልፎ መንገዱ የተዘጋበት ሰዓት ነበር። እትዬ የተመለሰችው በአውቶቡስ ነው፤ ባቷ ቀልቶ፣ አንድ ቦታ ውሃ ቋጥሮ። እርጥብ ፎጣ እያደረግኩላት አያርፌ ከኋላዋ ደረሰ። «ምድጃ ላይ ነው ያስቀመጥከኝ» አለችው። በዚያው ሰሞን፣ ስንት ዘመን ሲሰረዝ የኖረው የዓመት ፈቃዱ ለወሩ መጨረሻ ተፈቅዶለት ነበር፤ ወረቀቱን ሳም አድርጎ ለሁላችንም አሳይቷል። እትዬ ፎጣውን ገልበጥ አድርጋ፣ ድምጿንም ሳታነሣ፦

«ፈቃድህ እስኪደርስ ካልበረደ፣ የባሕሩ ነገር እዚህ ቤት ሁለተኛ እንዳይነሣ» አለችው።

እህቴ አንድ ነገር ሁለቴ የምትናገር ሴት አይደለችም። አያርፌም ያውቃታል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ አሁንም ደሜ ይፈላል። መጀመሪያ ዘይቱን ለወጠ፤ ወፈር ያለና የተሻለ ዘይት ሙቀት ይችላል ተባለ። ትንሽ ረዳ መሰለኝ። ቀጥሎ የጭስ ማውጫውን ቱቦ ሙቀት በሚችል ጨርቅ እንደ ተሰበረ እግር ጠቀለለው። ጨርቁ መጀመሪያ ሲግል የሚያወጣው ጭስ በመስኮቴ ገብቶ የሰው የሙሽራ ቀሚስ ላይ ተቀመጠ። ያን ቀን የተናገርኩትን አልደግመውም። ጨርቁ ግን ባት ማቃጠሉን ቀነሰ፤ እውነቱን ልናገር።

ሰፈራችን ያለ አንድ ወፍራም መካኒክ ደግሞ ቤንዚን ሲያንሰውና አየር ሲበዛበት ነው ሞተር የሚግለው አለና ካርቡራተሩን አስተካከለለት። የትራፊክ መብራት ላይ ስትቆም አጥፋው፣ ቆሞ ሲሠራ ነው ራሱን የሚቀቅለው ብሎም መከረው። አያርፌ ግን መብራት ላይ ሞተር ማጥፋት ሞት ነው። «አሁን ይበራል፣ አሁን ይበራል» እያለ፣ እግሩ አስፋልቱን እየደበደበ፣ ከሥራችን ያ ሁሉ ብረት እየጋመ ይቆማል። ከሥራችን ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። እትዬ እስኪበርድ አልወጣበትም ስላለች ሙከራው ሁሉ በእኔ ነበር።

የሚስቱ እህት ነኝና «ዋርሳዬ፣ ነይ ለአንዴ ብቻ» ይለኛል በመስኮት። ቀሚሴን ሰብስቤ እወጣለሁ። አደባባዩን ዞረን ስንመለስ ገና ሳልወርድ «ስንት ነው?» ይላል።

«ምኑ ነው ስንት? እግር ነው እኮ ያለኝ፣ ቴርሞሜትር ነው?»

ይህን ስለው እንኳ አይስቅም። ከአሳንሰር መቆጣጠሪያ ሳጥን የወጣች ማራገቢያ አምጥቶ ከኋለኛው ሲሊንደር ጎን አሰራት። ኮርቻው ሥር ሙቀት የሚመልስ ሌላ ቁራጭ ላሜራ አነጠፈ። በመጨረሻም መብራት ላይ ሞተሩን ማጥፋት ጀመረ፤ ለእሱ ይህ ከሁሉ የባሰ ቅጣት ነበር። እያንዳንዱ ነገር ትንሽ ትንሽ ይረዳል፤ ግን ዳገት ስንወጣ ከእነዚያ ከሚያብረቀርቁ መከላከያዎች ውስጥ ሙቀቱ ታፍኖ ይቆይና ወደ ጭናችን ይወጣል። አያርፌ ከሳ። እህል አፉ ውስጥ እያለ «ገባኝ!» ብሎ ይነሣና ይወጣል፤ ምን እንደገባው ግን አይታወቅም። ወፍ ሳይንጫጫ የቁልፍ ኳኳታ እሰማለሁ። ልብስ እያስለካሁ መርፌ አፌ ውስጥ ይዤ ልቤ እሱ ጋ ነው፤ አለመርጋት ተላላፊ በሽታ መሆኑን ያን ሰሞን ነው ያወቅኩት።

እትዬ ደግሞ ወደ ሥራ ስትወጣ በአጠገቡ ታልፋለች፣ ታያለች፣ ምንም አትልም። በሁለቱም ተናደድኩ። አንድ ቀን ጫማዋን ስታደርግ ደረስኩና፣ መሄድ ካልፈለግሽ አልፈልግም በይውና ሰውየው ይረፍ፣ ለምን ታንገላቺዋለሽ አልኳት። በጥፊ የመታኋት ያህል አየችኝ።

«አልፈልግም ያልኩሽ መቼ ነው?» አለችኝ። በሩን ዘግታ ወጣች። ያን ቀን የግራ እጅጌ በቀኝ ሰፋሁ።

ፈቃዱ ነገ ሊጀምር ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ አያርፌ ከዳማ ሥር በጀርባው ተጋድሟል። ከሙከራ ገና መመለሳችን ነው። እግሬ ምን እንዳለ አልጠየቀኝም፤ ፊቴን አይቶ አውቆታል። እትዬ ከሥራ ገባች። ፊቷ ከእንፋሎቱ የተነሣ ቀልቶ፣ የግንባሯ ጸጉር ረጥቦ ተለጥፏል። ቦርሳዋን እንደያዘች ዳማ አጠገብ ቆመችና መዳፏን ወደ ኋለኛው ሲሊንደር አስጠጋች፤ ወዲያው መለሰችው። አያርፌ ከሥር እየተንፏቀቀ ወጥቶ ያስረዳት ጀመር፤ ስለ ዘይቱ፣ ስለ ጨርቁ፣ ስለ ማራገቢያዋ፣ የቀረውም ትንሽ መሆኑን። ድምፁ የተማሪ ድምፅ ሆኖ ነበር። አንጀቴን በላው።

እስኪጨርስ ሰማችውና «በነፋስ ነው የሚበርደው አላልከኝም?» አለችው።

«አዎ።»

«ነፋሱ ታዲያ በየት በኩል ነው የሚገባው?»

አያርፌ ሊያሳያት እጁን ወደ ፊት ዘረጋ። እጁ የራሱ ላሜራ ላይ አረፈ፣ እዚያው ቀረ። መከላከያው ከፊት ጎማው ኋላ ጀምሮ ሞተሩን በግራም በቀኝም ሸፍኖታል። አየሁት፣ እሱም አየው። ስንት ሳምንት ሙሉ ሁላችንም ጢማችንንና ጸጉራችንን ስናይበት ከርመን፣ ከኋላው ያለውን ያየ አልነበረም።

መሬት ላይ ተቀመጠ። እጁ ላይ አንድ ቁልፍ እንኳ ሳይኖር።

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው» አላት። «እግሬን በረደኝ ስላልሽ።»

«በረደኝ አልኩህ እንጂ አስቀርልኝ አልኩህ?» ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። «ስማኝማ። ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ነው የምውለው። ባሕሩ ቢኖርም ባይኖርም ግድ የለኝም። ከአንተ ጋር ልሂድ ያልኩት ነፋስ እንዲመታኝ ነው።»

በኋላ ለብቻችን ስንሆን ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልሽ ብዬ ተቆጣኋት። እንዲያ ተደስቶ፣ እንዲያ ወልውሎ የሠራውን እንዴት አውልቀው ልበለው አለችኝ። ሙቀቱ ከእሱ ይመጣል ብላም አላሰበችም ነበር፤ ላሜራውን ብቻ ከመጀመሪያው ቀን አልወደደችውም። እጅህ ይባረክ ያለችው አፏ ነው። እንዲህ እየተሳሰቡ ነው እንግዲህ እርስ በርስ የሚቃጠሉት።

መከላከያዎቹን አብረው ፈቱ። እሱ ቡሎኑን ያዞራል፣ እሷ ከወዲያ በኩል ዳዶውን ትይዛለች። አንዱ ቡሎን አልፈታ ብሎ ነበር፤ በሌላ ቀን ቢሆን አያርፌ በመዶሻ ይለው ነበር። ያን ቀን ግን ዘይት ጠብ አድርጎበት እስኪላላ ጠበቀ። ከዚያ እኔን ለመጨረሻ ጊዜ ዳገቱን አወጣኝ። ምንም አይሞቅም ብል ዋሸሁ፤ ይሞቃል፣ ሞተር ነውና። ግን ነፋሱ ጠራርጎ ወደ ኋላ ይወስደዋል እንጂ ባት ላይ አይቀመጥም። ስንመለስ ሳይጠይቀኝ «ትቀመጥበት» አልኩት። ላሜራዎቹ አንዱ ለፀጉር አስተካካዩ መስተዋት ሆነ፤ ሌላው እስካሁን የዶሮ ቤት በር ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወጡ። እትዬ የአቧራ መነጽር አድርጋ፣ ሱሪዋን ካልሲዋ ውስጥ ከታ፣ ቆማ ሳትሰናበተኝ ወጣችበት። በሩን ስከፍትላቸው ቀናሁ። ለምን እዋሻለሁ፣ ቀናሁ። ከዚያም ያ ሁሉ ኳኳታ የቀረበት ግቢ ጭር ብሎ አላስቀምጥ አለኝ፤ መርፌ ይዤ እነሣለሁ፣ መስኮት ጋ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ።

እኩለ ቀን ላይ ስልክ ደወለ። አያርፌ ነው። ዳማ ደህና ነው፣ ሜዳውንም ዳገቱንም አለፍን፣ አንዴም አልተቃጠለችም አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወገቤ ግን ተቆረጠ፣ ዋርሳዬ። ዛፍ ጥላ ሥር ትንሽ እንረፍ ብላት እምቢ አለችኝ። እስቲ አንቺ ንገሪልኝ።»

መልስ ሳልሰጠው ከኋላው የእህቴን ድምፅ ሰማሁ። ከልጅነታችን ወዲህ ሰምቼው የማላውቀው ጮክ ያለ ድምፅ ነው።

«ዝጋውና ተነሣ፣ አንተ ሰው! ገና ምን ሄድንና ነው?»

ስልኩ ተዘጋ። እኔ ግን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩት ቆየሁ። ከእሷ ጋር አንድ ማኅፀን ተኝቼ፣ አንድ ጣሪያ ሥር ኖሬ፣ ዝምታዋ ጠባይዋ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ድካም ኖሯል።