የጓደኛዬ ረጃጅም ችግኞች

አቃቂ በሚገኝ ችግኝ ጣቢያ እኔና ጓደኛዬ ግራቪሊያ በአንድ ቀን ዘራን። ከበቀለ በኋላ የጣቢያው ባለሙያ ለሙከራ ብሎ የእሷን መደብ ቁመት የሚጨምር ሆርሞን፣ የእኔን ደግሞ እድገት የሚገታ መድኃኒት ረጨው። አለቃችን ከሁለታችን በቋሚነት የሚቀጥረው ገዢ ችግኟን የሚወድላትን ነበር።

የእሷ ተመዘዙ፤ የእኔ ባሉበት ቀሩ። የሚመጣው ሁሉ እሷ መደብ ላይ ቆሞ «እጅሽ ይባረክ» ይላታል። እሷም «አሜን» ትላለች እንጂ ስለ መድኃኒቱ ትንፍሽ አትልም። እኔ ዓይን አፋር ስለሆንኩ አንገቴን ደፍቼ ውኃ አጠጣለሁ።

አንድ ቀን ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ የእሷን አጋደማቸው። የእኔ አልተነቃነቁም።

«ቁመቱ ሲገታ ግንዱ ወፈረ» አለኝ ባለሙያው። ደስ አለኝ።

ወዲያው ኮዬ ፈጬ ደጃቸው ላይ ሊተክሉ የፈለጉ እናት መጡ። የእኔን አልፈው የተጋደሙትን አነሱ።

«እነዚህን ረጃጅሞቹን በእንጨት ደግፉልኝ። የማን እጅ ነው?»

«የእጅ አይደለም እማማ፣ የመድኃኒት ነው» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

«ታዲያ ምን አለበት ልጄ፣ አምሮባቸው የለ?»

አለቃችን ሳቀ። ጓደኛዬ እንጨቱን እንዳቀብላት እጇን ዘረጋች፤ አቀበልኳት።