ድምፄን የበላው ቲቢ

ድምፄ መጀመሪያ የከዳኝ “ግልጽ ነው?” ስል ነው። ጠዋት ነበር፣ ሰልፍ ላይ። የእግር ንጽሕና ትምህርቱን ጨርሼ እንደ ሁልጊዜው ቀና ብዬ ስጠይቅ “ግልጽ” የሚለው ወጣ፣ “ነው” የሚለው ቀረ። ሠራዊቱ ግን ልማዱ ነውና አንድ ላይ “ግልጽ ነው!” ብሎ መለሰልኝ። ሳቅሁና ጉሮሮዬን ጠራርጌ ወደ ክሊኒኩ ገባሁ።

ነርስ ነኝ፤ ማዕረጌ ሃምሳ አለቃ ነው። ካምፑ ውስጥ ግን ከአዛዡ እስከ ወጥ ቤቱ ሁሉም “ሲስተር” ነው የሚለኝ። ትውልዴ ደብረ ብርሃን ነው። መቀሌ የመጣሁት ተመድቤ ሲሆን የቀረሁት አግብቼ ነው። ባለቤቴ ኪዳነ የከተማዋ ልጅ፣ ሓድነት ክፍለ ከተማ ውስጥ የሚያስተምር መምህር ነው። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በሰርቪስ ወደ ካምፕ እየሄድኩ የሠራዊቱን የጤና ትምህርት ፕሮግራም አስተባብር ነበር። ወባ፣ ኤችአይቪ፣ ውሃ ማከም፣ ሲጋራ፣ ቲቢ፣ ሁሉም በተራው ይመጣል። ለወታደር የጤና ትምህርት ምን ይሠራለታል የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ጥይት ያልነካው ጎረምሳ በተቅማጥ ተዝለፍልፎ ሲወድቅ ያየ ሰው ግን እንዲህ ብሎ አይጠይቅም።

ማይክሮፎን ነበረን፣ የሚሠራ ባትሪ ግን አልነበረንም። ስለዚህ የምሠራው በጉሮሮዬ ነው። ደግሞም እኮራበት ነበር። ከኋላ ያለው ረድፍ ድረስ ሳልጮህ ይሰማል። ኪዳነ “አንቺ ካምፕ ሆነሽ ስታስተምሪ እኔ ሓድነት ቁጭ ብዬ ማስታወሻ እይዛለሁ” እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ሳምንት አለፈ፣ ድምፄ አልተመለሰም። ምክንያቱን ደግሞ የማያውቀው ሰው አልነበረም። አቧራው ነው አሉ። ጩኸቱ ነው አሉ። የመቀሌ ንፋስ ነው አሉ። እኔም አመንኩ፤ ለሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አላምንም ነበር። ማር በሎሚ ጠጣሁ፣ ዝንጅብል አኘክሁ፣ በጨው ውሃ ተጉመጠመጥኩ፣ አሞክሲሲሊንም ጀምሬ ጨረስኩ። አንዳንድ ቀን የተሻለኝ ይመስለኝና በማግስቱ ይብስብኛል።

ትምህርቱ ግን አይቀርም። ጦር ቤት ፕሮግራም ከተለጠፈ ተለጥፏል። መላ የመጣው ከራሳችን ልማድ ነው። ሜዳ ላይ አዛዥ ቀስ ብሎ ይናገራል፣ አጠገቡ የቆመው ድምፀ ትልቅ ሰው ተቀብሎ ለሁሉም ያሰማል። አስር አለቃ ግርማይ የሚባል የአድዋ አካባቢ ልጅ ነበረን፤ ሰልፍ ሲያዝዝ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። እሱን አጠገቤ አቆሙልኝ። እኔ ጆሮው ሥር አንሾካሽካለሁ፣ እሱ ይጮኻል። ሠራዊቱም ወደደው፤ ሲስተር አስተርጓሚ ቀጠረች ብለው ሳቁብን።

በዚህ ዓይነት የቲቢን ትምህርት ሰጠን። “ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስለው ሰው” ብዬ አንሾካሾክሁ። “ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስለው ሰው!” ብሎ አስተጋባ። አፌ ከጆሮው አንድ ስንዝር አይርቅም። ባክቴሪያውን እየተነፈስኩበት ስለ ባክቴሪያው አስተማርን። አሁንም ሳስበው ይሰቀጥጠኛል።

ነገር ግን አላሳለኝም። ይህን ለምታነቡ ሁሉ ደግሜ እላለሁ፣ አላሳለኝም። ጠዋት ጠዋት ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ እንጂ ሳል የሚባል ነገር አልነበረኝም። ፖስተራችን ላይ ያለው ሰውዬ ደረቱን ይዞ የሚያስል፣ ጉንጩ የገባ ከሲታ ነው። እኔ እሱን አልመስልም ነበር። ሌሊት ያልበኛል፤ ለደብረ ብርሃን ሰው መቀሌ ትሞቃለች አልኩ። ቀበቶዬ ላላ፤ ድካም ነው አልኩ። ከዚያ ምራቅ መዋጥ ያመኝ ጀመር። እንጀራው ሲወርድ ይቧጥጠኛል፣ ሕመሙ ወደ ጆሮዬ ይወጣል። ማታ ራት ገፋ አድርጌ ስተወው ኪዳነ አየኝ፤ በማግስቱ ትምህርት ቤት አስፈቅዶ እሱው ራሱ ሆስፒታል ወሰደኝ።

የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሙ ምላሴን በፋሻ ይዞ ወደ ውጭ ሳበ። ትንሽ መስታወት አስገባ። አየ። አወጣው። አሙቆ ደግሞ አስገባው። እኔ ፊቱን እያየሁ ነው። የነርስ ጣጣ ይህ ነው፤ የሐኪም ፊት ማንበብ እንችላለን።

“ሲስተር፣ የድምፅ አውታርዎ ላይ ቁስል አለ” አለኝ። “ካንሰር ሊሆን ይችላል። ሌላም ሊሆን ይችላል። ናሙና ሳልወስድ አልናገርም።”

ባዮፕሲ ተወሰደ። አክታም ይስጡ አሉኝ። የደረት ራጅም ተነሣሁ። ከዚያ መጠበቅ ነው። አልበላሁም። አልተኛሁም። ልጄ ሳባ ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። ታቅፌያት እቀመጣለሁ። ሞት አይደለም የታየኝ፤ ሞት ሩቅ መሰለኝ። የታየኝ ዝምታው ነው። እሷ ስትጠራኝ አቤት የማልላት እናት።

መጀመሪያ የደረሰው የአክታው ውጤት ነበር። ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ ገባ።

“ቲቢ ነው” አለ። “የጉሮሮ ቲቢ። ሳንባዎም ላይ ትንሽ አለ። ይድናል።”

ኪዳነ እጄን ጨበጠኝ። እኔ እንደምንም “ድምፄስ?” አልኩ።

“እሱን ቃል አልገባልዎትም። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው የት እንደሚያርፍ አላውቅም። ከዛሬ ጀምሮ አይናገሩ። ማንሾካሾክም ክልክል ነው፤ እሱ እንዲያውም ይብሳል።”

ግርማይ ትዝ አለኝ። ጆሮው። አለቀስኩ። ያለ ድምፅ ማልቀስ እንዴት እንደሚያደክም ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ከቀናት በኋላ የደረሰው የባዮፕሲው ውጤትም ይህንኑ አረጋገጠ፤ ካንሰር የለም። አብሮኝ የሚኖረው፣ አብሮኝ የሚሠራው ሁሉ ተመረመረ። ኪዳነ ደህና ነው። ሳባም ደህና ናት፤ ከአምስት ዓመት በታች ስለሆነች ግን አይሶናያዚድ የሚባል መከላከያ መድኃኒት ተጀመረላት። ግርማይ መጀመሪያ አልመረመርም ብሎ አስቸገረ። ፈርቶ ነው፤ ቲቢ አለብህ ከተባለ በሕክምና ቦርድ ከሠራዊቱ እሰናበታለሁ ብሎ። ታክሞ የዳነ ወደ ሥራው እንደሚመለስ እኔው ነበርኩ የማስተምረው፣ በእሱ አፍ ደግሞ! አዛዡ መክረውት ሄደ። ነጻ ወጣ። ከወራት በኋላም ደገሙት፣ አሁንም ነጻ ነው። ያን ዜና ስሰማ ከታመምኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና እንቅልፍ ወሰደኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሳባን አማቴ ወሰዷት። በየቀኑ ይዘዋት ይመጡና በር ላይ ቆመው ከሩቅ ያሳዩኛል። “ኣጆኺ ጓለይ” ይሉኛል፤ አይዞሽ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔ እጄን አወዛውዛለሁ። መኝታ ቤቱን ለብቻዬ ያዝኩ፣ መስኮቱ ብርድ ሆነ ንፋስ ቀን ከሌት ክፍት ነው።

መድኃኒቱ ከባድ ነው፤ ቀላል ነው ብዬ አልሸነግላችሁም። በባዶ ሆድ እፍኝ ሙሉ ኪኒን ነው። ሪፋምፒሲን የሚባለው ሽንቴን ብርቱካንማ አደረገው፤ ይህን አስቀድሜ ስለማውቅ አልደነገጥኩም፣ እናንተም አትደንግጡ። ፒራዚናማይድ የሚባለው ግን መገጣጠሚያዬን በላው፤ ደረጃ ስወርድ እንደ አሮጊት ግድግዳ እይዛለሁ። ያቅለሸልሸኛል። ጠዋት ጠዋት ሓድነት ጤና ጣቢያ እሄድና ከባጃጅ ሾፌሩ፣ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪው ጋር አግዳሚ ላይ ተራ ጠብቄ፣ ነርሷ ፊት ለፊት እውጣለሁ። ስንቱን ወታደር ዋጥ፣ አፍህን ክፈት፣ ምላስህን አንሣ ስል የኖርኩ ሰው አፌን ከፍቼ ምላሴን አነሣሁ። የደከመኝ ነገር ቢኖር ይህ በየቀኑ መደጋገሙ ነው። ሕመሙ ሳይሆን ድግግሞሹ። ደህና ስሆን ደግሞ ባሰብኝ፤ ሰው ሳያመው መድኃኒት መዋጥ ይታክታል። ብዙዎች የሚያቋርጡትም እዚያ ላይ ነው።

ዝምታው ሌላ ነው። ኪዳነን በጭብጨባ እጠራለሁ። ባለሱቁን በጣት አሳየዋለሁ። ሰዎች እኔ ስላልተናገርኩ የማልሰማ እየመሰላቸው ጆሮዬ ላይ ይጮኹብኛል፤ ያን ጊዜ የሚነድደኝን ንዴት እኔ አውቀዋለሁ። ሳባ ወደ ቤት ከተመለሰች በኋላ ደግሞ አንድ ነገር አየሁ። ከአባቷ ጋር ትለፈልፋለች፣ እኔ ጋ ስትመጣ ግን ዝም ብላ ውሃ ስትፈልግ አፏን፣ ዳቦ ስትፈልግ ሆዷን ትነካልኛለች። ከእናት ጋር እንደዚህ ነው የሚወራው ብላ ተቀብላዋለች። ልቤን የሰበረው ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ይቻላል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አልቀው አክታዬ ነጻ ሲሆንና ቁስሉ ሲደርቅ፣ ሐኪሙ ጥቂት ጥቂት እንድናገር ፈቀደልኝ። ቤት ደርሼ በሩን ዘጋሁና “ሳባ” አልኩ። የወጣው የኔ ድምፅ አልነበረም። ወፍራም፣ የሚፋፋቅ፣ መሐል መሐሉ ላይ አየር ብቻ የሚወጣው ነገር ነው። ሳባ ዞር ብላ አየችኝና ሳቀች። ደግመሽ በይው አለችኝ። ደገምኩላት። ቀኑን ሙሉ ስታስደግመኝ ዋለች፣ ማታ ስንተኛ ግን ስለ አሻንጉሊቷ በአፏ እያወራችልኝ ነበር።

መድኃኒቱን ጨረስኩ። ስድስት ወር ሙሉ፣ አንድም ቀን ሳላጓድል። ሐኪሙ መስታወቱን ለመጨረሻ ጊዜ አስገብቶ አየና ድነዋል፣ ቲቢው የለም አለኝ። ድምፁ ግን ከዚህ ብዙም አይለወጥም፣ ቀድመው ቢመጡ ኖሮ ምናልባት ሌላ ይሆን ነበር አለ። ሰውዬው እውነቱን ስለነገረኝ አመሰግነዋለሁ፤ በዚያን ቀን ግን አላመሰገንኩትም።

ካምፕ ስመለስ ከፊት ካለው ረድፍ አልፎ የሚሰማኝ አልነበረም። ግርማይ በዚያን ጊዜ ትምህርቱን በቃሉ ያውቀዋል፤ ያለኔ ሹክሹክታ ይሰጠዋል፣ ያውም አሳምሮ። እኔን መድኃኒት መጋዘን መደቡኝ። አልተከራከርኩም። ለመከራከርም ድምፅ ያስፈልጋል። ካርቶን እየቆጠርኩ፣ ጊዜው ያለፈበትን እየለየሁ እውላለሁ፤ ሰልፉ ላይ “ግልጽ ነው!” ሲሉ በመስኮት ይሰማኛል።

ቆይቶ ደግሞ ሩቅ ላሉት ምድቦች ትምህርቶቹ ተቀድተው በፍላሽ ይላኩ ተባለ። ማን ይቅረጽ ሲባል ሁሉም ግርማይ አለ። አዛዡ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጠርተው፣ አስቀምጠው፣ ሲስተር አትቀየሚ፣ ይህ ድምፅ ለማስተማሪያ አይሆንም አሉኝ። ለወራት ንዴቴን ማውጣት እንኳ አቅቶኝ ነበር። ያን ጊዜ ግን ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ደሜ ፈላ።

“ጌታዬ፣ ሌላውን ሁሉ ግርማይ ያንብበው” አልኩ። “የቲቢውን ግን እኔ ነኝ የምቀዳው። የሚሆነው ይህ ድምፅ ብቻ ነው።”

አዛዡ በእጃቸው ቀጥይ አሉኝ። ፖስተሩን ትቼ፣ ጽሑፉን ትቼ፣ መቅጃው ላይ እንዲህ አልኩ፦ “ይህን ድምፅ ስሙት። እንደዚህ የሚፋፋቅ ድምፅ ሦስት ሳምንት ከቆየባችሁ፣ ባያስላችሁም ኑ። እኔ አላሳለኝም ነበር። እኔ ዘግይቻለሁ።”

ክረምቱ ሲወጣ ነው፣ አንድ ወታደር ከሩቅ ምድብ መጥቶ መጋዘኑ በር ላይ ቆመ። ሲስተርን ነው የምፈልገው ሲል ድምፁ ተፋፋቀ። “ማጉያው ላይ ሰማሁዎት” አለኝ። “የኔም እንደዚያ ነው።” ሁለታችንም እየተፋፋቅን ስናወራ የመጋዘኑ ጸሐፊ ሳቋን መያዝ አልቻለችም፤ እኛም ሳቅን። እኔው ይዤው ሄድኩ። ቲቢ ነበር፣ ጉሮሮው ላይ፣ ገና ጅምሩ።

ለናንተ የምለው ብዙ አይደለም። ድምፃችሁ ሦስት ሳምንት ከዘጋ በማር አትታለሉ፣ ጉሮሯችሁን በመስታወት የሚያይ ሐኪም ፈልጉ። አክታ ስጡ። አብሯችሁ የሚኖረውን አስመርምሩ፣ ቢቆጣም ቢፈራም። አትናገሩ ከተባላችሁ ማንሾካሾክም አይቻልም ማለት ነው። መድኃኒቱን ከጀመራችሁ ደህና ነኝ ብላችሁ አታቋርጡ። ለኪዳነ፣ ለአማቴ፣ ፊት ለፊት ታስውጠኝ ለነበረችው ነርስ፣ እየፈራም ቢሆን ለተመረመረው ለግርማይ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ያ ወታደር መድኃኒቱን እንደጨረሰ ስልክ ደወለልኝ። ስሙን እስኪነግረኝ አላወቅሁትም። ጥርት ያለ፣ የወጣት ድምፅ ነው፤ አንድም ቦታ አይፋፋቅም። ሲስተር ይሰማዎታል ወይ አለኝ። ይሰማኛል አልኩት፣ በዚህ በቀረልኝ ድምፅ። ስልኩን ዘግቼ ካርቶኑ ላይ ቁጭ አልኩ። ቀናሁበት፣ እውነቴን ነው፣ በጣም ቀናሁበት፤ ደስታዬም ያንኑ ያህል ነበር።