ታብሌቶቹና የቡናው አልጋ

ዝናብ የማይለቃት ቴፒ ውስጥ የማይሻግት ዕቃ የለም። የትምህርት ቤታችንን ታብሌቶች ለከሰዓቱ ፈተና ከግምጃ ቤት ሳወጣቸው እርጥበት ገብቷቸው አገኘሁ። ፀሐይ ብቅ ስትል፣ ግቢያችን ውስጥ ባለው የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ እንደ እርጥብ ቡና አሰጣኋቸው። የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ፣ «ኧረ ይተዉ መምህር፣ ፈርመው የተረከቧቸው እርስዎ ነዎት» ብትለኝ፣ «ሥራሽን ሥሪ!» ብዬ ጮህኩባትና ለማስተማር ገባሁ።

ቀትር አልፎ ስመለስ መስታወታቸው ይፋጃል። አንዱን ብጫን፣ ሌላውን ብጫን፣ የሚበራ ጠፋ። ፈተናው ሊጀመር ሩብ ሰዓት ቀርቶታል፤ ተማሪዎቼ ከበው ያዩኛል።

«ስትወጡ ስትገቡ እያያችሁ ዝም አላችሁ?» ብዬ አምባረቅኩባቸው።

የቡና ገበሬ ልጅ የሆነች ተማሪዬ ቀስ ብላ፣ «ቲቸር፣ ቡና እንኳ ቀትር ላይ ይሸፈናል እኮ» አለችኝ።