የተውሶ ልብስ በግንቦት ፀሐይ

ዳኜን የሚያውቁት ሁሉ ዝምተኛ ነው ይሉታል። ውሸት አይደለም። ግን ዝም የሚለው ወዶ አይመስላችሁ፤ ልጁ ውብአየሁ ተራ አትሰጠውም ነበር። ገና ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከእንቅልፏ ስትነሣ የጀመረችውን ወሬ ማታ እንቅልፍ እስኪጥላት አታቋርጥም። ገንፎ ሲያገነፋ «ለምን ይፈላል?»፣ ጫማውን ሲያስር «ያመዋል?»፣ ፊቱን ሲላጭ ደግሞ «ጢምህ የት ሄደ?» ትለዋለች። እሱም የሚያውቀውን ይመልሳል፣ የማያውቀውን በ«እግዜር ያውቃል» ያልፋል።

የቡልጋ ሰው ነው። ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ሰበታ ደረሰና በጃንሆይ ዘመን ከተከፈቱት የጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ መጋዘን ተቀጠረ። እዚያው ሙሉዬን አገባ፣ ውብአየሁ ተወለደች፣ ልጅቷ መራመድ ስትጀምር ሙሉዬ ታማ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ጧት ልጁን ለጎረቤቱ ለደጊቱ ይሰጣል፣ ከሥራ ሲመለስ ይወስዳል፤ አጥቦ፣ አብልቶ፣ ተረት አውርቶ ያስተኛል። ጠጉሯን መሥራት ብቻ አልሆነለትም። ሞክሮ ነበር፤ የሠራትን ቀን ጎረቤት ሁሉ እየሳቀ ፈታት።

ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል ከአማቱ ከወይዘሮ ሮማነወርቅ መልእክት መጣ። ሴትዮዋ የሚኖሩት ሆለታ ነው፤ ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ ሰበታን ረግጠው አያውቁም። መልእክቱ አጭር ነበር፤ «ለግንቦት ልደታ እመጣለሁ። የልጄን ልጅ በዓይኔ አያታለሁ፤ የሙት ልጅ መስላ ካገኘኋት ይዣት እሄዳለሁ።»

ዳኜ ያን ቀን እራት አልወረደለትም። አማቱ ያሉትን የሚያደርጉ ሴት ናቸው፤ ደግሞስ ማን ሊፈርድለት ነው? ሚስት የሌለው ወንድ ሴት ልጅ ያሳድጋል ቢባል ሽማግሌ ሁሉ ይስቃል። ያለ ውብአየሁ ያንን ቤት ሲያስበው ግድግዳው ራሱ የሚጮህበት መሰለው።

ወሬው ሰፈር ውስጥ ሲሰማ ሴቶቹ ታጥቀው ተነሡ። ምን ያድርጉ፣ ያሳደጓት እነሱም ናቸው። የውብአየሁ ልብስ ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ የአቡጀዲ ቀሚስ ነው፤ ብብቱ ላይ ተጥፏል፣ የጣፈውም ዳኜ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ስለዚህ ደጊቱ ለትንሿ ልጇ ለሰርግ ቀን ብላ አሰፍታላት የነበረውን ቀይ የከፋይ ቀሚስ አመጣች። የፋብሪካው ዘበኛ ሚስት ማሪቱ የሱፍ ሹራብና ጆሮ የሚሸፍን የሱፍ ቆብ አዋሰች። ዳኜ ራሱም አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ እስከ ጉልበት የሚደርስ ወፍራም ካልሲና ጥቁር ጫማ ይዞ መጣ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸ ነው። ቀኑን ሙሉ የጨርቅ ጣቃ ሲያነሣና ሲጥል የሚውል ሰው ልጁን በተውሶ አለበሰ!

የልደታ ለት ጧት ደመና ነገር ነበርና ማንም ክፉ አላሰበም። ውብአየሁን ሁሉንም ደራርበው አለበሷት። «የመኮንን ልጅ!» አለች ማሪቱ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ ማድመቁን እንኳ አድምቋት ነበር፤ ያላሰቡት ሙቀቱን ነው።

የሰፈሩ ሰው ልደታን የሚያከብረው ከጂማው መንገድ አጠገብ ካለው ሾላ ሥር ነው። ሴቶቹ ንፍሮውንና ዳቦውን፣ ጠላውንና ውሃውን እዚያ አውርደው ጥላው ሥር ተቀመጡ። ዳኜ ግን ልጁን ይዞ ከመንገዱ ዳር ቆመ፤ አማቱ ከአውቶቡስ ሲወርዱ መጀመሪያ የሚያዩት የልጅ ልጃቸውን እንዲሆን ነው። ደመናው ሄደ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ አውቶቡስ የለም።

«አባዬ፣ ቁጭ ልበል?»

«አይሆንም ውብዬ፣ አቧራ ይነካሻል።»

«ቆቡ ይበላኛል።»

«ትንሽ ነው፣ አሁን ይመጣሉ።»

ቆየች፣ ቆየች፣ ከዚያ ዝም አለች። ዳኜ፣ እንዲህ ብዬ ስናገርበት ይቅር ይበለኝ እንጂ፣ መጀመሪያ ደስ አለው። እንደ ጨዋ ልጅ ቆማለች ብሎ እግዚአብሔርን አመሰገነ። መንገዱን እያየ ብዙ ቆየና እጇን ሲጨብጥ እንደ ምድጃ ድንጋይ ጋለበት። ጎንበስ ብሎ አያት። ፊቷ በርበሬ መስሏል፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ ዓይኗ እሱን እያየ አያየውም።

«ውብዬ? ውብዬ፣ አናግሪኝ!»

አልተናገረችም። ውብአየሁ፣ ያቺ ወሬኛ፣ አልተናገረችም። ዳኜ አንሥቷት ወደ ሾላው ሮጠ።

«ምች ነው! ምች መቷታል!» ብላ ማሪቱ ጮኸች። «ሸፍኗት፣ ነፋስ እንዳይገባት! ጋቢ አምጡ!»

ጋቢ መጣ። ዳኜ ጋቢውን ገፍቶ ቆቡን ከራሷ መነጨቀ። ጠጉሯ በላብ ተጣብቋል።

«አንተ፣ ልትገድላት ነው?»

«ተይኝ ማሪቱ! ሙቀት ነው! በልብስ ቀቀልናት እኮ!»

ሹራቡን አወለቀ። ጫማውንና ካልሲውን ጎትቶ ጣለ። የከፋዩን ቀሚስ ቁልፍ ሲፈታ ደጊቱ እጁን ያዘች።

«ወዮ፣ ኦቦ ዳኜ! አማትህ አሁን ይደርሳሉ። ራቁቷን ሲያገኟት ምን ይላሉ? ማሎ፣ እባክህ፣ ከፋዩን እንኳ ተውላት።»

የዳኜ እጅ ቁልፉ ላይ ቆም አለ። ያለችው እውነት መሆኑን ያውቃል። አማቱ ይህን ካዩ ነገሩ አለቀ፤ ልጅቷን ብብታቸው ሥር አድርገው በመጡበት አውቶቡስ ይመለሳሉ። ከዚያ የልጁን ፊት አየ።

«ይውሰዷት!» ብሎ ጮኸ፤ ሰበታ የዳኜን ጩኸት የሰማችው ያን ቀን ብቻ ነው። «ይውሰዷት፣ ብቻ በሕይወት ትኑርልኝ!»

ደጊቱ እጁን ለቀቀችው። ከዚያ ወዲያ የተከራከረ የለም። ነጠላዋን ውሃ ውስጥ ነክራ የልጅቷን አንገትና ብብት ታብስላት ጀመር፤ ማሪቱም በሰፌድ ማራገብ ያዘች። ዳኜ በጣቱ ከንፈሯን አረጠበ፣ ቀጥሎ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣት። ሁሉም የልደታን ስም ይጠራል።

በመጨረሻ ውብአየሁ አፏን አላመጠች። ዓይኗ ዞሮ የንፍሮው ድስት ላይ አረፈ።

«አባዬ» አለች በቀጭን ድምፅ፣ «ባቄላው ለምን ከስንዴው ተለቀ?»

ዳኜ መሬት ላይ ዘጭ አለ። «እግዜር ያውቃል» አለ፤ «እግዜር ያውቃል የኔ እመቤት!» እያለ ሳቀ፣ እያለቀሰ ሳቀ። ሴቶቹ እልል አሉ። ማሪቱ ጉንጩን ሳመችው፤ ባሏ አጠገቧ እንዳለ እንኳ ረስታ ነው። እፎይታ እንደዚያ ነው፤ ሰውን ያቀልላል።

ልጅቷ ድና ንፍሮ ስትለምን ራቁቷን መሆኗ ታሰበ። ዳኜ ቤት ሄዶ የአቡጀዲ ቀሚሷን ለማምጣት ጥሏት መነሣት አልሆነለትም። ስለዚህ ከሾላው ጀርባ ዞሮ ከኮቱ ሥር የለበሰውን ነጭ ካናቴራ አወለቀና አጠለቀላት። ካናቴራው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ወረደ። እሷ ቀጭን፣ እሱ ሰፊ፤ ነፋሱ ከላይ ገብቶ ከታች ይወጣል። ዳኜ ባዶ ደረቱ ላይ ኮቱን ቆልፎ ቁጭ አለ።

አውቶቡሱም ያኔ ደረሰ።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ጥቁር ለብሰው፣ ዘንቢል ይዘው ወረዱ። ወደ ሾላው ሲመጡ ሁሉም ብድግ አለ። እሳቸው ሰላምታውን በግማሽ መልሰው ልጅቷን አዩ። ጠጉሯ ረጥቧል፣ አፏ በንፍሮ ተሞልቷል፣ የአባቷን የውስጥ ልብስ ለብሳለች። ከዚያ ቁጥቋጦው ላይ የተጣለውን ሹራብና ከፋይ አዩ።

«ይሄ ሁሉ የማን ልብስ ነው?»

«የጎረቤት ነው፣ እናቴ» አለ ዳኜ። «እርስዎ እንዳያፍሩባት ብለን አልብሰናት ነበር። በሙቀት ልትሞትብን ስትል አወለቅሁት።»

«እንደምመጣ እያወቅህ?»

«እያወቅሁ።»

«እኛስ ተው ብለነው ነበር» አለች ደጊቱ፤ «ይውሰዷት ብቻ በሕይወት ትሁን ብሎ ጮኸብን።»

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ከልጅቷ ፊት ቁጭ አሉ። አንገቷ ላይ ሙቀቱ ያወጣባትን ሽፍታ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። እሷም ሳታፍር አንዲት ባቄላ ከአፏ አውጥታ ሰጠቻቸው። ተቀብለው በሏት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ የሙሉዬ ግንባር ነው ያላት።

ኋላ፣ ንፍሮው ተበልቶ ምርቃቱ ካለቀ በኋላ፣ ከዘንቢላቸው አንድ ነገር አወጡ፤ በእጃቸው የሠሩት ወፍራም የሱፍ ካፖርት ነው። ሊያለብሷት አምጥተውት ኖሯል። ልጅቷን አዩ፣ ፀሐዩን አዩ፣ ካፖርቱን አጣጥፈው ለዳኜ ሰጡት።

«ሐምሌ ላይ፣ ብርዱ ሲጠና አልብሳት» አሉት። «ቁልፉ ጠበቅ ይላል፤ አትጎትተው፣ ቀስ ብለህ ነው።»

ዳኜ ካፖርቱን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀረ። አልብሳት ነው ያሉት፤ አለብሳታለሁ አላሉም።