ፎካሪው ጎረቤቴና የበቅሎዬ ጀርባ

አርጅቻለሁ፤ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። አሶሳ፣ ነጋዴ ሰፈር፣ ከጎኔ የሰፈረውን ሰው ግን አልረሳሁትም። ሰው ሲያመሰግነው በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። «አንቺማ ከሁሉ በላይ ልታመሰግኚው ይገባሻል» ይሉኛል። እስቲ ስሙኝና እናንተው ፍረዱ።

ያን ዓመት እኔና ባለቤቴ በርበሬ ጭነን ከጎጃም ወረድን። ሸጠን ጨርሰን ልንመለስ ስንል እሱን ንዳድ ጣለው። ሁለት በቅሎ ነበረን፤ አንደኛዋ መንገድ ላይ ሞታብን፣ የቀረችው ትንሽዬ ቀይ በቅሎ የሁለቱን ጭነት ብቻዋን ተሸክማ ስለመጣች ጀርባዋ ተገጥቧል። ያኔ ሐሳቤ አንድ ብቻ ነበር፤ ገጣባው ሲደርቅ ባለቤቴን በሷ ላይ አስቀምጬ፣ ዓባይ ሳይሞላ ተሻግሬ፣ ደጋ ማድረስ። ንዳድ የያዘው ሰው ቆላ ከከረመ እንደማይተርፍ የማያውቅ ነጋዴ አልነበረም። ደመናው ደግሞ ከሰዓት በኋላ መጥቆር ጀምሯል።

ሰፈሩ ደንብ አለው። መሬቱ የአንድ የበርታ ሽማግሌ ነው፤ የመጣ ሁሉ እሳቸውን አስፈቅዶ ይሰፍራል፣ እሾሁን ራሱ ቆርጦ ያጥራል፣ የሌላውን አጥር አይነካም። ጅብ የገጣባ ሽታ ከሩቅ ይስበዋል። ስለዚህ እጄ እስኪደማ ቆርጬ አጥሬን እስከ ደረቴ ከፍ አድርጌ አጠርኩ። ባለቤቴ ከዳሱ ውስጥ ሆኖ «ቤተ መንግሥት ነው እንዴ የምትሠሪው?» ይለኝ ነበር።

ሰውዬው ከመጣን በሰባተኛው ቀን መጣ። አምስት በቅሎና አንድ አፍ ይዞ። አፉ ከአምስቱም ይበልጥ ነበር። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ይፎክራል፤ ጦሩን እየነቀነቀ «ገዳይ!» ይላል። ምን እንደገደለ ያየ የለም። ባለቤቴ ሲንቀጠቀጥ አድሮ ንጋት ላይ ሸለብ ሲያደርገው ያ ጩኸት ያባንነዋል።

«ጌታው፣ በሽተኛ አለብኝ፤ እባክዎ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉልኝ» ብዬ ለመንኩት።

«ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚፎከረው የት አገር ነው፣ እቴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

በማግስቱ ውሃ ቀድቼ ስመለስ አጥሬ ሳስቷል። የኔ እሾህ እሱ ምድጃ ውስጥ ይንጣጣል። ድስቱን እያማሰለ፣ «አንድ እሾህ ብወስድ ምን ያስቆጣሻል? ነገ እነሳለሁ፤ ያጠርኩትን ሁሉ ትቼልሽ ነው የምሄደው» አለኝ። ምን አጥሮ ነው የሚተውልኝ? በቅሎዎቹን እንኳ ያሰራቸው የኔን አጥር ተገን አድርጎ ነው። ከዚያ ወዲያ እርስዎ ማለቱን ተውኩት።

እኔ ሳጥር እሱ ሲነቅል ሰነበትን። ነገ እነሳለሁ ይላል፤ አይነሳም። እኔ ደግሞ የበቅሎዬን ጀርባ ጠዋትና ማታ በጨው ውሃ እያጠብኩ ቅቤ እቀባለሁ። በአራተኛው ቀን ቁስሉ ገጠመ። በጣቴ ነካሁት፤ አልሸሸችም። ሮጬ ገብቼ «ከነገ ወዲያ እንነሳለን» አልኩት ባለቤቴን። ከታመመ ጀምሮ ፈገግ ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወደ ውጭ ብቅ ስል አጥሬ ሰው የሚያሳልፍ ያህል ተከፍቷል። ጅብም እንዲሁ ይገባበታላ! መቀነቴን አጥብቄ ሽማግሌው ዘንድ ሄድኩ።

ዱላቸውን ይዘው ወዲያው መጡ። ክፍተቱን አዩ፤ አመዱን አዩ። አማርኛን ከነጋዴ ነው የተማሩት፤ ቃል አያበዙም።

«ጎረቤት ሐቅ አለው» አሉት። «አንተ ወሰድክ፣ አንተ መልስ። ነገ የለም። ዛሬ ፀሐይ ሳይገባ።»

ሰውዬው ሰፈርተኛው ፊት አንገቱን ደፋ። እኔም እፎይ ብዬ ባለቤቴ ራስጌ ጋደም አልኩ። ስንት ቀን አጥር ስጠብቅ ያደርኩ ሰው ነኝና እንቅልፍ ወሰደኝ።

የቀሰቀሰኝ ፉከራው ነው። ስወጣ፣ እውነትም እሾህ አምጥቷል፤ የእሾህ ክምር። ያመጣውስ በማን ላይ መሰላችሁ? በኔ በቅሎ። የሱዎቹ መስክ ወርደው ስለነበር ቅርብ ያለችውን ፈትቶ፣ ያለ ድብዳብ፣ እሾሁን በባዶ ጀርባዋ ላይ ጭኖባታል። ደሙ በጎኗ ይወርዳል።

«ይኸው፣ ላንቺው አጥር ነው» አለኝ። ምስጋና ይጠብቃል!

«አጥሩን የፈለግኩት ለምንድን ነው?» አልኩት። «ለሷ አይደለም ወይ? እሷንስ የማስታምማት ለምንድን ነው? ለዚያ ለተኛው ሰው አይደለም ወይ? አንተ ሰው፣ ባሌን ነው የጫንከው።»

ባለቤቴ ሁሉንም ሰምቷል። ከዳሱ ውስጥ በቀስታ «በቃ፣ እኔ እዚሁ ነኝ» አለ። እስከዚያች ቃል ድረስ ተናድጄ አላውቅም ብል አልዋሸሁም።

መስክ ወረድኩ። ከአምስቱ በቅሎዎቹ መርጬ ራሱ የሚቀመጥባትን ረጅሟን ጥቁር በቅሎ እየጎተትኩ አመጣሁና የኛን ኮርቻ ጫንኩባት። «የኔን በቅሎ? ጤናሽን ነው?» ብሎ ተንደረደረ። ሽማግሌው ልጓሟን ያዙና «ሐቅ ነው» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ሰውዬው ሊከራከር ሲል ባለቤቴ ምሰሶ ተደግፎ ከዳሱ ወጣ፤ እግሮቹ የዳሱን እንጨት ያህል ቀጥነዋል። ጎረቤቴ እስከዚያ ቀን አላየውም ነበር። ወደ በቅሎዋ የዘረጋውን እጅ መለሰ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ራሱ መጥቶ አቅፎ ኮርቻው ላይ አስቀመጠው። ሳይፎክር ያነጋው ያን ቀን ብቻ ነው። ቀይዋን በቅሎዬን እሱ ዘንድ አስሬ፣ እየረገምኩት ሄድኩ።

ዓባይ ስንደርስ ውሃው ጨምሯል። የበቅሎዋን ጭራ ይዤ ተከተልኩ። መሐል ላይ ውሃው ያቺን ረጅም በቅሎ አንገቷ ድረስ ዋጣት፤ ተንገዳገደች፤ ቆመች፤ አሻገረችን። ትንሿ በቅሎዬ ብትሆን ኖሮ ራሷም አይታይም ነበር። ይህን ለባለቤቴ አልነገርኩትም። እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም።

ደጋው አዳነው። በበጋው ጥቁሯን ልመልስ ብቻዬን ወረድኩ። ሰውዬው ቀይዋን አውጥቶ አሳየኝ፤ ጠባሳው ላይ ነጭ ፀጉር በቅሏል፤ እንዲች ብሎ አልጫናትም። ይቅርታ ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን «ባለቤትሽስ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ደህና ነው» ከማለቴ ጦሩን አነሳና መሐል ሰፈር ገባ። «ንዳድ ገዳይ! በሽተኛ አሻጋሪ!» ነጋዴው ሁሉ አጨበጨበለት። አጥሬን ማን ነቀለ፣ ጀርባዋን ማን አቆሰለ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም።

አንገብግቦኝ አፌን ከፈትኩ። ዓባይ መሐል ውሃው የት ድረስ እንደደረሰ ትዝ አለኝ። ዘጋሁት። ያ ሰው በዕድሜው አንድ ቀን እውነቱን ፎከረ፤ እሱንም በኔ ባል።