አንዲት «ስ»

ሸዋ ሮቢት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ የቤቱ ቆርቆሮ በሙቀት ይንጣጣል። ባለፈው ሳምንት ለዘመድ ለቅሶ ሄጄ ጧ ሲል ብሰማው፣ የሦስት ልጆች እናት ሆኜ፣ ከተቀመጥኩበት ዘልዬ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። የቲቸር ይመር ማስመሪያ ዴስክ ላይ ያረፈ መስሎኝ ነው።

ቲቸር ይመር ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማረን፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ኮቱን የማያወልቅ ቀጭን ሰው ነበር። ተማሪ አይመታም። ምን በወጣው! ምላሱ ይበቃዋል። ፊደል የተሳሳተ ደብተር ሲያገኝ ዴስኩን በማስመሪያ ጧ ያደርግና ጮክ ብሎ ያነበዋል። እኛም እንስቃለን፤ ካልሳቅክ ቀጣዩ ተረኛ አንተ ነህ።

ኸድጃ አጠገቤ ነበር የምትቀመጠው። አባቷ ገበሬ ናቸው፤ «ዘንድሮ ካለፍሽ ትማሪያለሽ፣ ከወደቅሽ ትዳሪያለሽ» ብለዋታል። ሽንኩርት ሲነቀል ሁለት ቀን ቀርታ ስለነበር የሳይንሱን ማስታወሻ ከእኔ ገለበጠች። እኔ ደግሞ ስጣደፍ «ህዋስ» የሚለውን ሁሉ «ህዋ» ብዬ ጽፌዋለሁ። ደብተር ሊሰበሰብ ሲል ነቃሁበትና በየቦታው «ስ» ጨመርኩ። ለእሷ አልነገርኳትም። ለምን? እንድበልጣት ነዋ! ሌላ ምክንያት የለኝም።

«የሰው ልጅ አካል ከብዙ ህዋ የተሠራ ነው» ብሎ አነበበ ቲቸር ይመር። «ተነሺ እስቲ! ከዋክብቱስ የታሉ? ጨረቃዋስ? ለነገሩ ጭንቅላትሽ ባዶ ህዋ ለመሆኑ ማስረጃ አያስፈልግም።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አፈር ልብላ፣ ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

«ወላሂ ቲቸር፣ እንደዚህ ነው የገለበጥኩት» አለች ኸድጃ።

«ከማን?»

ዞራ አየችኝ። ታርሞ የተመለሰልኝን ደብተሬንም አየች። ከዚያ አንገቷን ደፋች እንጂ ስሜን አልጠራችም።

ከዚያን ቀን ወዲያ ህዋ ተባለች። ገበያ ስትሄድ ህዋ፣ ውሃ ስትቀዳ ህዋ። ትምህርት ቤት መምጣት አስጠላት፤ ፈተናው ሳይደርስ ቀረች። አባቷም እንዳሉት ዳሯት።

ቲቸር ይመር ከሞተ ቆይቷል። ባለፈው ሳምንት ከዘመዴ ለቅሶ ስመለስ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ሴት ማንጎ ስትደረድር አየሁና ጠጋ አልኳት።

«ኸድጃ!» አልኩ።

ቀና አላለችም። ጎኗ የተቀመጠችው ሎሚ ሻጭ በክርኗ ነካ አደረገቻት።

«ህዋ፣ አንቺን መሰለኝ። ኸድጃ ነው እንዴ ስምሽ?»

«ነበር» አለች፣ እኔን እያየች።